አዴ ዘይነባ ያሰረችው እጅ

ግራ እጄ በእውነት ተሰብሮ ነበር? ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ፤ መልስ ግን የለኝም። ማሰሪያው ሲፈታ ክንዴ ቀጥ ያለ ነበር። ተሰብሮ የገጠመ ይሁን ከመጀመሪያውም ያልተሰበረ፣ አይቶ መለየት አይቻልም። እውነቱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷም ባለፈው ሳምንት ሞተች።

ወሬውን ያመጣችልኝ በዚያች ሴት ግቢ አብራኝ የነበረችው ፋጤ ናት። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ፣ የማንጎ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ልጆቹ ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ አልተናገረችም።

«አዴ ሄደች» አለችኝ።

«የት?» ልል ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውሁት።

«ዛሬ ጠዋት ቀበሯት። ልልክብሽ አስቤ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሄድ፤ መጥተሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

አዴ ዘይነባ ወጌሻ ነበረች። «አዴ» በድሬዎች አፍ እናትም እመቤትም ነው። ቤቷ መጋላ፣ ከከፊራ ገበያ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቀጭን መንገድ የሚገባበት ነበር። እኛ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ፣ ከዚራ የምንኖረው የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች ስሟን እንሰማ ነበር እንጂ አናውቃትም። የምንሰማውም ደግ ነገር አልነበረም። «ሰው አስራ ታስቀምጣለች» ይላሉ። «ከየቤቱ የሚላከውን ቅቤና ሥጋ እየበላች ሰበራውን ታቆየዋለች» ይላሉ። «ቆንጆ ቆንጆዎቹን ለጅቡቲ ሰዎች ታስተዋውቃለች» ያለችም ጎረቤት ነበረችኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ጠርጣራ ነኝ። የሰማሁትን ሁሉ አላምንም፤ ግን አልጥለውምም። አንድ ጥግ አስቀምጠዋለሁ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባለቤቴ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሱፍ የሚለብስ፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ ጸሐፊ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርሁም፤ መማር የጀመርሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አንድ ቀን የበሩን መወርወሪያ አውጥቶ መታኝ። ምክንያቱን አልጽፍም፤ ሲጻፍ እውነተኛ ምክንያት ይመስላል። ክንዴ ሲያብጥ አይቶ ደነገጠ። ሐኪም ቤት እንዳይወስደኝ ሐኪሙ ያውቀዋል፤ ይጠይቃል። ጥቂት አሰበና ጋሪ ጠራ። ባለጋሪው ምንም ሳይጠይቀው፣ «ከደረጃ ወድቃ ነው» አለው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «መጋላ አንዲት ወጌሻ አለች፤ እሷ አትጠይቅም» አለኝ።

ይቺ «አትጠይቅም» ያላት ነገር ከክንዴ ይልቅ አመመችኝ። የማትጠይቅ ሴት የማን ወገን ናት? ባሎች የሚመርጧት ወጌሻ ለሚስቶች ምን ትፈይዳለች?

ስንደርስ አዴ ዘይነባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሸንበቆ ትሰነጥቅ ነበር። ሽቲ የሚሉትን ሰፊ ቀሚስ የለበሰች፣ አጭር፣ ደልዳላ ሴት ናት፤ አውራ ጣቷ እንደ ድንጋይ ጠራቢ አውራ ጣት የወፈረ። እኔን አላየችኝም። ያየችው ባለቤቴን ነው።

«ደረጃ ነው» አለችው፤ አልጠየቀችውም።

«አዎ፣ ደረጃ» አላት።

«አቦ ይሄ የከዚራ ደረጃ! ፈረንጅ ሲሠራው ለሴት አልሠራውም። የመጋላ ሴት ከአህያ ትወድቃለች፣ የከዚራ ሴት ከደረጃ ትወድቃለች። ወንድ ግን ማሻ አላህ ጠንካራ ነው፣ አይወድቅም።»

ባለቤቴ ሳቀ። እሷም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እኔ በማን እንደሚሳቅ አልገባኝም።

ክንዴን በሰሊጥ ዘይት አሽታ ትዳስሰው ጀመር። ስትዳስስ እጄን አታይም፤ ከሩቅ የሚጠራትን ሰው እንደምታዳምጥ ሁሉ ቀና ብላ ጣራውን ታያለች። ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች። ብዙ ቆየች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጮኽሁ፤ ወዲያው ወደ ባለቤቴ ዞራ «ተሰብሯል» አለችው። የሸንበቆ ስንጣሪዎቹን ደርድራ፣ በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችኝ።

«እንግዲህ ስማኝ» አለችው። «የታሰረ አጥንት አሸዋ አይሻገርም።»

አሸዋ ያለችው ደቻቱን ነው። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ወንዝ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ጋሪም በላዩ ይመላለሳል።

«ከተሻገረች አጥንቱ ይዞራል፣ እጇ እንደ ማጭድ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የምታበስልልህ ሌላ ትፈልጋለህ።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እስክፈታት።»

«መቼ ትፈቻታለሽ?»

«ሲገጥም።»

የተማረ ሰው ነው፣ ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ወጌሻ ያዘዘውን የሚጥስ ሰው አይቼም አላውቅ። አጥንት ነዋ፤ ማን ደፍሮ ይሞክረዋል? በጋሪው ብቻውን ተመለሰ። በማግሥቱም እንደ ደንቡ ቅቤና የበግ እግር ላከ። አዴ ዘይነባ የበጉን እግር ገልብጣ አየችና «ወፍራም ነው፤ ጥሩ ወድቀሻል» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን አንቱ አልኋት። ተቆጣች። «ማንን ነው የምትጠሪው? እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ ሌላ ሰው ከኋላዬ አለ እንዴ?» ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንቺ አልኋት፤ አሁንም ስጽፍ እሷ እላታለሁ።

ግቢው ውስጥ የታሰሩ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ከሁሉም ፋጤ ትታየኛለች። የሽንኩርት ነጋዴ ሚስት ነበረች። ቀኝ እጇ ከክርኗ እስከ ጣቷ ታስሯል፤ ምላሷ ግን አልታሰረም።

«አንቺ ከየት ወደቅሽ?» አለችኝ።

«ከደረጃ።»

«እኔ ከአህያ። አህያ ግን የለንም» ብላ እስክታነባ ሳቀች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ የድሬ ሙቀት ሰዉን ሁሉ ባስተኛበት ሰዓት ነቅቼ ወደ ውጭ አየሁ። ፋጤ በዚያ በታሰረው እጇ ከበርሜሉ በባልዲ ውሃ ቀድታ፣ አንሥታ ራሷ ላይ ታፈሳለች። ባልዲው ሙሉ ነበር። አየችኝ። አላፈረችም።

«ምን ታያለሽ? ሙቀት ነው!»

ወደ ምንጣፌ ተመለስሁ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም። እንግዲያው ጎረቤቶቼ ያሉት ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው። ይህቺ ሴት ጤነኛ ሰው እያሰረች ቅቤ ትበላለች። የእኔስ? ጣቶቼን አንቀሳቀስሁ፤ አመመኝ። ግን በብረት የተመታ ሥጋስ አያምም? የማሰሪያውን ጫፍ በጥርሴ ይዤ መፍታት ጀመርሁ። ቀና ስል አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በእውነት ተሰብሯል ወይ?»

«ያማል?»

«ያማል።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?»

አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ከበፊቱ አጥብቃ አሰረችው።

«የፋጤ እጅ ደኅና ነው፤ አይቻለሁ» አልኋት።

«አንቺ ብዙ ታያለሽ። ትንሽ ተኚ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዓይኔ እከታተላት ነበር። ለምን እንደማትጠይቅ አልገባ አለኝ። ሰው የማይጠይቀው ወይ ስለሚያውቅ ነው፣ ወይ ማወቅ ስለማይፈልግ ነው፤ ሁለቱም ያስፈራኛል። በመጨረሻ ራሴ ጠየቅኋት። ጨርቅ እየቀደደች ነበር።

«ለምን እንዴት እንደ ወደቅኩ አትጠይቂኝም?»

«ብጠይቅሽ ደረጃ ትይኛለሽ» አለች፣ ቀና ሳትል። «አንዴ ደረጃ ካልሽኝ በኋላ፣ ነገ ሌላ ልትነግሪኝ ብትፈልጊ ታፍሪያለሽ። እኔን ዋሽተሽ አታውቂም፤ እንደዚያው ይቆይ።»

ደስ የሚል መልስ ነበር። ደስ የሚል መልስ ደግሞ ይበልጥ ያስጠረጥረኛል።

ባለቤቴ አልፎ አልፎ ይመጣል። ወደ ውስጥ አትዘልቅም ትለዋለች፤ በሩ ላይ ታነጋግረዋለች። አንድ ቀን በግድግዳው ስንጥቅ አየኋቸው። እሱ ይናገራል፣ እሷ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ጥቅል ሰጣት። እጆቿን ዘርግታ ረዥም ዱዓ አደረገችለት። እስክትገባ ጠበቅኋት።

«ምን አለሽ?»

«ባልሽ በጣም ጥሩ ሰው ነው።»

«ማን አለ?»

«እሱ ራሱ ነዋ።»

ፋጤ ከጓዳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ጠዋት አንድ ወንድ ጎኑን ይዞ፣ ብቻውን መጣ። አቶ መንገሻ ይባላል፤ ከዚራ ሱቅ የነበረው ልብስ ሰፊ፣ ቀጭን፣ ሜትሩን ከአንገቱ የማያወርድ ሰው ነው። «ከባቡር ላይ ወደቅኩ» አለ። ባቡር እንደማይሳፈር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ ዘነዘና ይዛ ስታሳድደው ያየ ሰውም ነበር፤ ጠጅ ቤት ውስጥ ለሣቅ የሚወራ የከተማው ተረት ሆኗል።

«ባቡሩ ቀሚስ ለብሶ ነበር?» አለችው ፋጤ።

ግቢው በሣቅ ተናጋ። መንገሻ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን አልታዘዘለትም።

አዴ ዘይነባ የዘይቱን ጣሳ አስቀመጠች። ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እናንተስ ከየት ወደቃችሁ?» አለች።

ሴቶቹ የየራሳቸውን ማሰሪያ ያዩ ጀመር።

«ንገሩኝ እንጂ። ፋጤ፣ አህያሽ የታለ? ወላሂ እኔም ልየው።»

ፋጤ አንገቷን ደፋች። አቶ መንገሻ ቀና ብሎ በመጀመሪያ የእሷን ክንድ፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ቀጥሎ የሌሎቹን አየ። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው። እኔም እዚያ ተቀምጬ ግቢው ምን ግቢ እንደ ሆነ ያኔ ገባኝ፤ ግን ግማሹ ብቻ። የቀረው ግማሽ ልቤ «በሩ ላይ ከባልሽ ጋር የምትስቀውስ?» ይል ነበር።

ጎኑን በሰፊ ጨርቅ ጠምጥማ በበሩ አጠገብ ባለችው ትንሽ ክፍል አስቀመጠችው። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ መጣች፤ ረዥም፣ ጥሩ የለበሰች፣ ድምፅዋ ከፊራ ድረስ የሚሰማ።

«ወንድ ነኝ ትላለህ? የሴት ጓዳ ተደብቀህ! ውጣ!»

አዴ ዘይነባ በሩን ሞልታ ቆመች። ለባሎች የምትስቀውን ሣቅ ለሷም ሳቀችላት።

«ታስሯል፣ እህቴ። የታሰረ አሸዋ አይሻገርም። ከተሻገረ ወገቡ ጠማማ ሆኖ ይቀርና ዕድሜ ልክሽን እንደ ተኛ ታጎርሺዋለሽ። ትችያለሽ?»

ሴትዮዋ አሰበች። «እስከ መቼ ነው?»

«ሲገጥም።»

እየተራገመች ሄደች፤ በማግሥቱ ግን ማር ላከች። አዴ ዘይነባ ማሩን በጣቷ ቀምሳ «ይሄ የጋራ ሙለታ ማር ነው» አለች። ለሁላችንም አከፋፈለች፤ ለራሷ ትልቁን ድርሻ ያዘች። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ልክ አይሆንም። ቅቤውን ትበላ ነበር፤ ሥጋውንም ትወድ ነበር። መንገሻ ጎኑ እስኪሽርለት የግቢውን ሴቶች ሽቲ ሁሉ ሰፋ። በኋላ የስፌት መኪናውን አስጭኖ ሐረር ሄዶ ሱቅ ከፈተ ብለው ነገሩኝ። ማን እንዳስጫነለት አልነገሩኝም።

ባለቤቴ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሲናገር ሰማሁት፤ ድምፁ እንደ ልማዱ ዝቅ ያለ ነው። «ፊታችን እሁድ ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ። እነሱ ባሉበት ትፈቻታለሽ።»

«ይምጡ፣ ቤታቸው ነው» አለችው።

በቃ፣ ይምጡ። ሌላ ምንም አላለችውም። ከእሁድ በኋላ ወዴት እንደምሄድ ማወቅ አቃተኝ። ሽማግሌ ማለት «ታረቁ» ማለት ነው። ማሰሪያው ከተፈታ ተሻግሬ በዚያች በር መግባቴ ነው፤ መወርወሪያዋ እዚያው ቦታዋ ላይ ናት። አዴ ዘይነባን አተኩሬ አስተዋልኋት፤ ሸንበቆዋን ትሰነጥቃለች፣ ታንጎራጉራለች። ሸጠችኝ አልሁ።

ከእሁድ በፊት ግን ወንድሜ ታደሰ ከአዳማ በባቡር መጣ።

ታደሰ ወላጆቻችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ ታላቄ ነው። ጋሼ ነው የምለው። ባሌን መርጦ የዳረኝም እሱ ነው፤ «የተማረ ሰው አገኘሁልሽ» ብሎ በደስታ እንዳለቀሰ አስታውሳለሁ። አቧራውን ሳያራግፍ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ግቢው ውስጥ ሲቆም፣ ባለቤቴ እንደ ጠራው አልተጠራጠርሁም።

«ማን ነገረህ?» አልሁት።

«ከድሬ ጨርቅ የምታመጣ አንዲት ሴት ሱቄ ድረስ መጥታ 'እህትህን ሄደህ እያት' አለችኝ። ስሟን እንኳ አልነገረችኝም።»

ወደ አዴ ዘይነባ ዞርሁ። ጣራውን ታያለች። «እኔ አዳማ ማን አለኝ?» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ባቡር ላይ ጨርቅ ከሚነግዱት ሴቶች ግማሾቹ የእህቶቿ ልጆች እንደ ሆኑ መጋላ ሁሉ ያውቃል።

«ባልሽን ጣቢያ አገኘሁት» አለ ወንድሜ። «ምሳ አበላኝ። ሁሉንም ነገረኝ።»

ያኔ ነው አዴ ዘይነባ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ የጣለችው። «ተነሱ፣ ተነሱ! ወንድምና እህት ይጫወቱ» እያለች ሴቶቹን በሙሉ ወደ ጓዳ ነዳቻቸው። መጨረሻ ላይ ራሷም ገባችና በሩን ዘጋች። አላየችኝም። ለመንገሻ በሩን ሞልታ የቆመችው ሴት ለእኔ ዞር አለች። ከጓዳው የፋጤ ሣቅ ይሰማል። ስለ እሷ ከጠረጠርሁት ሁሉ ያችን ሰዓት የመሰለ መራራ አልነበረም።

«ተነሺ፣ ጥሩዬ» አለኝ ወንድሜ። «እሁድ ሽማግሌ ፊት ከምትቀርቢ ዛሬ እኔው ቤትሽ ላግባሽ። የአሸዋው ነገር የባልቴት ወሬ ነው። ሐኪም ያይልሻል። ባልሽም ተጨንቋል።» እጁን ዘረጋልኝ። «ደግሞ ትልቅ ሰው ከደረጃ እንዴት ይወድቃል? ፊትሽን አታዪም?»

የጓዳውን በር አየሁ። አይከፈትም። የምትናገርልኝ ሰው የለችም። እጁ ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ ብይዘው መሄዴ ነው።

«ጋሼ፣ አልወደቅኩም» አልሁት።

«ምን?»

«ደረጃው ላይ አልነበርኩም። በሩ ጋ ነበርኩ። መወርወሪያውን አውጥቶ መታኝ።»

እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። ባርኔጣውን ዙሪያውን አሽከረከረው።

«ተናዶ ይሆናል» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። «ሰው አንድ ቀን ይናደዳል።»

«አንድ ቀን አይደለም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን መሬት አኖረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ።

ከሠርጉ ማግሥት ጀመርሁ። በተራ በተራው፣ ምንም ሳልዘል፣ የት እንደ ቆምሁና በእጁ ምን እንደ ነበር ሳይቀር ነገርሁት። እየነገርሁት ሳለ ከግድግዳው ማዶ የነበረው ወሬ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ ፋጤም ጸጥ አለች። ሁሉም እንደሚሰሙኝ አወቅሁ። ድምፄን ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። አላደረግሁም።